በድረ ገጽ ለሚወጡ ሥዕሎች ስለሚጻፈው አማራጭ ጽሑፍ

ሸቀጡን በድረ ገጽ የሚያቀርብ ነጋዴ ለፎቶግራፉ ማማር ብዙ ሲጨነቅ፣ ከፎቶግራፉ ጋር ተያይዞ ስለሚጻፈው አጭር ቃል ግን እምብዛም አያስብም። ይህ ቃል አማራጭ ጽሑፍ ይባላል። ዐይነ ስውር የሆነ ደንበኛ ገጹን የሚከታተለው ስክሪን ሪደር በተባለው፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ስለ ሆነ፣ ከሥዕሉ የሚደርሰው ይኸው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ካልተጻፈ ፕሮግራሙ ሥዕሉን ዘሎ ያልፋል፤ ወይም የፋይሉን ስም፣ ፊደልና ቁጥር እየቀላቀለ ያነብለታል። የኢንተርኔት መስመር ደክሞ ሥዕሉ ሳይከፈት ሲቀርም በስፍራው የሚታየው ይኸው ጽሑፍ ነው።

የሚጻፈው ነገር የሚወሰነው ሥዕሉ በገጹ ላይ በወጣበት ምክንያት ነው። ቡና ላኪው የጆንያ ፎቶግራፍ አውጥቶ «ቡና» ብቻ ቢል ለገዢው ምንም አልነገረውም። «የታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና፣ በ60 ኪሎ ጆንያ የታሸገ» ቢል ግን ዕቃውን አሳወቀው። ያው ፎቶግራፍ ስለ መጋዘኑ በሚናገር ገጽ ላይ ሲወጣ ደግሞ «በእንጨት ርብራብ ላይ የተደረደሩ የቡና ጆንያዎች» ማለት ይበቃል። «የእገሌ ፎቶግራፍ» ብሎ መጀመር አያሻም፤ ሥዕል መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ይናገራልና። ሥዕሉ ሲጫን ወደ ማዘዣ ቅጽ የሚወስድ ከሆነ «ትእዛዝ ለመስጠት» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «የጋሪ ምልክት» አይባልም። ለጌጥ ብቻ ለገባ ሐረግ ስፍራው ባዶ ይተዋል።

ከሁሉ የሚከፋው የዋጋ ዝርዝርን ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍ ነው፤ ይህም በየሱቁ የተለመደ ሆኗል። ደንበኛው ዋጋውን ሳይሰማ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። ዝርዝሩን ሁሉ በአማራጭ ጽሑፍ ውስጥ ማጨቅም አድካሚ ስለሚሆን፣ በገጹ ላይ በሰንጠረዥ መጻፍ ይሻላል።

ወደ አውሮፓ ለሚሸጡ ሰዎች ጉዳዩ ሕግም አለበት። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው የተደራሽነት መመሪያ ከሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ለኅብረቱ ሸማቾች በኢንተርኔት የሚሸጡትንም ይመለከታል። ከ10 ሰው በታች የሚያሠሩና የዓመት ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ዩሮ የማይበልጥ አገልግሎት ሰጪዎች ከግዴታው ነጻ ናቸው። ጥሬ ቡና በጅምላ ለአስመጪ ድርጅት የሚሸጥ ላኪም አይነካውም፤ ቆልቶ በፓኬት በቀጥታ ለሸማቹ የሚልከው ትልቅ ድርጅት ግን ገጹን ከወዲሁ ማስመርመር ይገባዋል።