ልጁ ራሱ ይሞክር

ልጅ ከእናቱ ብዙ ነገር ይቀበላል። ጡትና እንጀራ ይቀበላል። ቋንቋ ይቀበላል። ሌላም አለ፤ ይኸውም «እችላለሁ» የሚል መንፈስ ነው። ዛሬ የምንማረው ስለዚህ ነው።

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ የእናት ሥራ ብዙ ነው። ውኃ ትቀዳለች፤ ኩበት ትለቅማለች፤ ትጋግራለች። ስለዚህ ሕፃኑ እያንጠባጠበ ሊጎርስ ሲሞክር ቶሎ ብላ ታጎርሰዋለች። ልብሱን ገልብጦ ሲለብስ ነጥቃ ታለብሰዋለች። «ተው፣ አትችልም» ትለዋለች። ይህ ከክፋት አይደለም፤ ከሥራ ብዛት ነው። ደግሞም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው፣ ለራት አይበቃም። ለልጁ ትምህርት ግን ይበቃል።

ምክንያቱን እንመልከት። የሕፃን አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈጥኖ ያድጋል። 2 ዓመት ሲሞላው መጠኑ የአዋቂውን 80 ከመቶ ያህል ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ልጁ ሲሞክር፣ ሲሳሳት፣ እንደገና ሲሞክር ማሰብን ይለማመዳል። እኛ ቀድመን ከሠራንለት ግን የሚለምደው የእኛ እጅ እንጂ የእሱ አይደለም።

በካናዳ አገር አኒ በርኒዬ የተባለች ተመራማሪና የሥራ ጓደኞቿ 80 እናቶችን ከነሕፃናቶቻቸው አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙ። ለሕፃኑ ትንሽ ከበድ የሚል ጨዋታ ተሰጠው፤ እናቱም እንድትረዳው ተነገራት። ልጁ ሲቸገር ብቻ የሚረዱ፣ የሚያበረታቱና እንደ ልጁ ፍጥነት የሚጠብቁ እናቶች ነበሩ። ቆይቶ ሲታይ የእነዚህ እናቶች ልጆች በአማካይ ራሳቸውን በመግዛትና አስበው በመሥራት የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ታዲያ እናት ምን ታድርግ? ሁሉን ልሥራለት ማለት ስሕተት ነው። ብቻውን መተውም ስሕተት ነው። እሳት ዳር፣ ገደል አፋፍና ወንዝ ዳር ሕፃን ብቻውን አይተውም። የ6 ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ከብት እንዲጠብቅ ማድረግም ራስን ማስቻል አይደለም፤ ከአቅም በላይ ሸክም ነው።

የሚሻለው እንዲህ ነው፦

1. የ1 ዓመት ልጅ እጁን ታጥቦ ለስላሳ ምግብ በራሱ ይጉረስ።
2. የ3 ዓመት ልጅ ልብሱን ራሱ ይልበስ። ቢገለብጠው አይሰደብ።
3. የ5 ዓመት ልጅ ለዶሮ ጥሬ ይበትን፣ በትንሽ ጣሳ ውኃ ያቀብል። ሴት ወንድ አይለይ።
4. ሲያቅተው ትንሽ እናሳየው፤ የቀረውን ለእሱ እንተውለት። አባትም እንደ እናት ያግዝ።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጣች። ከዚያ ወዲህ በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል ተከፍቷል። እዚያ መምህሩ አንድ ነው፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው። እናት አጠገብ የለችም። ቤቱ ሳለ መሞከርን የለመደ ልጅ እዚያ አይደነግጥም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ እናቶችና አባቶች እርሳስ ጨበጡ። የመጀመሪያዋ «ሀ» ጠማማ ነበረች። አስተማሪው እርሳሱን ነጥቆ ቢጽፍላቸው ኖሮ ፊደል ባልቆጠሩ ነበር። ልጆቻችንም እንዲሁ ናቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጅዎ ራሱ ሊሠራው ሲችል እርስዎ የሚሠሩለት ነገር ምንድን ነው?
2. ልጅን በማገዝና ብቻውን በመተው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?