የአካባቢ ጥበቃ ምክር ቤት፦ እነማን ይቀመጡበታል? ምንስ ይሠራል?

በእንጦጦ ሰንሰለት ላይ የሚጥለው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ የደቡቡ ግን የአዋሽ ድርሻ ነው። በቡራዩ አጠገብ በገፈርሳ ግድብ የሚጠራቀመው ውኃ የትንሹ አቃቂ መነሻ ሲሆን፣ የሰበታ ወንዝም የሚያመራው ወደ አዋሽ ነው። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ውኃው ግን የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ ትንሹ አቃቂ ከኦሮሚያ ተነሥቶ አዲስ አበባን ካቋረጠ በኋላ ተመልሶ ኦሮሚያ ይገባል፤ ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎም እስከ አፋር ይዘልቃል። ታዲያ ወደ ወንዙ የሚለቀቀው ፍሳሽ ምን ያህል ንጹሕ መሆን እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው?

የአካባቢ ጥበቃ አካላት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 295/1995 ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ነበር። ባለሥልጣኑ ረቂቅ ደረጃዎችን ያዘጋጃል፤ የአካባቢ ጥበቃ ምክር ቤት ደግሞ መርምሮ ያጸድቃል፤ በፖሊሲና በሕግ ረቂቆች ላይም መንግሥትን ያማክራል። ሰብሳቢው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም እርሳቸው የሚወክሉት ሰው ሲሆን፣ የፌዴራል መንግሥት የሚሰይማቸው አባላት፣ ከየክልሉ አንድ ተወካይ፣ የንግድ ምክር ቤት፣ የአገር በቀል የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶችና የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተወካዮች ይገኙበታል። የባለሥልጣኑ ዋና ዳይሬክተር አባልና ጸሐፊ ነው። ፋብሪካውም ሠራተኛውም በስም የተጠቀሰ ወንበር አላቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ግን በስም አልተጠቀሰም።

ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከቢራ ፋብሪካ ወይም ከቄራ የሚወጣ ፍሳሽ በኦርጋኒክ ቁስ የበለጸገ ነው። ባክቴሪያዎች ይህንን ሲያብላሉ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ይጠቀማሉ፤ ኦክሲጅኑ ሲያልቅ ዓሣው ይሞታል፣ ወንዙም ይሸታል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹሕ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። በ2,300 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም በሰበታ አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ መጠኑ ወደ 7 ይወርዳል። ስለሆነም በቆላ አገር ለሚፈስ ወንዝ የወጣውን ደረጃ እንዳለ ገልብጦ ማጽደቅ ለደጋ ወንዝ አይበጅም። ይህንን በስብሰባው ላይ የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል፤ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ሰበታ ውስጥ መገኘቱም ባለሙያ ፍለጋ ሩቅ እንደማያስኬድ ያሳያል።

በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው ባለሥልጣን በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን ሆኖ በ2014 ዓ.ም. ወደ ባለሥልጣንነቱ ተመልሷል። ስሙ በተቀያየረ ቁጥር ልምድ ያካበተ ባለሙያ እንደሚበተን መገመት አያዳግትም።

የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በበኩሉ ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ እንጂ የላላ ደረጃ እንዳያወጡ ይከለክላል። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በበካዩ ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል።