የመሬት መቆጣጠሪያ ነጥቦች በድሮን የአየር ፎቶ ካርታ ሥራ

ተራ የጂፒኤስ መቀበያ በያዘ ድሮን የተነሣ ፎቶ በአቀማመጡ ላይ የጥቂት ሜትሮች ስሕተት ይኖረዋል። ይህ ለአጠቃላይ ቅኝት ባይጎዳም፣ የእርሻ ይዞታ ወሰን ሲለካ ግን ከአንዱ ቆርሶ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከአየር ላይ በግልጽ የሚታዩ ምልክቶች ከበረራው በፊት መሬት ላይ ተቀምጠው በትክክለኛ የቅየሳ መሣሪያ ይለካሉ። ለስሌቱ 3 ነጥቦች ቢበቁም፣ ነጥቦቹ በዳርና በመሐል ካልተሠራጩ የከፍታ ሞዴሉ ሊጎብጥ ይችላል።

በኢትዮጵያ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። ጂፒኤስ በደብሊውጂኤስ 84 ሲመዘግብ፣ ነባር ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱ ሳይለዩ ከተደባለቁ ከ200 ሜትር በላይ መዛነፍ ይፈጠራል። ነጥቦቹ ሁሉ በአንድነት ስለሚዛነፉም ሶፍትዌሩ የሚያሳየው ቀሪ ስሕተት ትንሽ ይመስላል። በመሆኑም ውጤቱ ከስሌቱ ውጪ በተያዙ የማረጋገጫ ነጥቦችና አስቀድሞ በታወቀ የቅየሳ ነጥብ መፈተሽ አለበት።