የጡት ልጅ እና የትዳር ጓደኛ፦ ባል የሚስቱን ጡት ቢጠባ ምን ይሆናል?

መግቢያ

ርዕሱን አይታችሁ ፈገግ ያላችሁ ወይም ፊታችሁን ያዞራችሁ ትኖራላችሁ። አይፈረድባችሁም። ስለ ጡት ማጥባት የምንማረው ስለ እናትና ስለ ሕፃን ነው። ባል በትምህርቱ ውስጥ የሚገባው “ሚስቱን ይርዳ” በምትል አንዲት መስመር ብቻ ነው። ነገር ግን የምታጠባ እናት ብዙውን ጊዜ ባለትዳር ናት። ባልና ሚስት ሲቀራረቡ ወተት ይፈሳል፣ ባል ሳያስበው ይቀምሳል፣ አንዳንድ ጥንዶች ደግሞ ሁለቱም ፈቅደው የፍቅራቸው አካል ያደርጉታል። ይሄ በየትኛውም አገር ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ አንዳንዱ ያወራዋል፣ ሌላው ይደብቀዋል።

እስቲ እንዲህ እናስብ። ከመካነ ሰላም ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች እናት ልጇን አስከትባ ጨረሰች። ግን አትሄድም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ሲስተር፣ ባሌ ወተቴን ቢቀምስ ልጄ ሆነ ማለት ነው? ትዳሬስ ፈረሰ ወይ?” ብትለን ምን እንመልሳለን? ብንስቅባት ሁለተኛ አትጠይቀንም። “ይሄ የኛ ሥራ አይደለም” ብንላት ፍርሃቷን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ያ ፍርሃት ደግሞ ትዳር ሊያናጋ፣ ሕፃኑንም ጡት ሊያስጥል ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፦ በኛ አገር ጡት ዝምድና ይሠራል፣ ስለዚህ የሴትየዋ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መልስም አለው፤ ግን የዝምድናውን፣ የጤናውንና የፈቃዱን ጉዳይ ለያይተን ካየነው ብቻ ነው።

ጡት ዝምድና የሚሠራበት አገር

ከቋንቋችን እንጀምር። ከሃዲን “ጡት ነካሽ” እንለዋለን። እናት ልጇን አጥብቃ ስትለምን ያጠባችበትን ጡት ትጠራለች። ጡት የሚያስተሳስር፣ ውለታና ግዴታ የሚጥል ነገር መሆኑን ሳንማር እናውቀዋለን።

ነገሩ በቃል ብቻ አልቀረም። በቀድሞው ዘመን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል አዋቂ ሰው “የጡት ልጅ” ይሆን ነበር። ደካማው ወይም ባዕዱ ሰው አንድን ትልቅ ሰው “የጡት አባት” አድርጎ ይይዛል። ሥርዓቱ የሚፈጸመው በመጥባት ምልክት ነው። ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በአገራችን የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ገልጾታል፦ ልጅ መሆን የፈለገው ሰው የትልቁን ሰው እጅ ይይዛል፣ አንድ ጣቱን ይጠባል፣ ልጅህ ነኝ ይላል። አዲሱ አባትም በተቻለው መጠን ሊረዳው ይገደዳል። ልብ በሉ፣ ጠቢውም አዋቂ፣ “አጥቢውም” ወንድ ነው። ወተት የለም፤ ግን ምልክቱ ብቻውን ዝምድና ሠራ።

በኦሮሞ ዘንድም ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። “ሐርማ ሆዳ” ይባላል፤ ሐርማ ጡት፣ ሆዳ መጥባት ማለት ነው። በመተከል በኦሮሞና በጉሙዝ መካከል ዝምድና ለመፍጠርና ግጭት ለማብረድ ሲያገለግል እንደነበረ በጥናት ተጽፏል። የኛ አካባቢ ቦረና ስሙን ያገኘው ከኦሮሞ ጎሳ ነው። አማራና ኦሮሞ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ተዋልደው የኖሩበት ደጋ በመሆኑ በጡትም ሆነ በጉዲፈቻ ዝምድና ይሠራል የሚለው ሐሳብ ለሰዉ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ ጣት መጥባት እንኳ ልጅ ካደረገ፣ እውነተኛ ወተት የጠጣ ባል ምን ሊሆን ነው? የሴትየዋ ፍርሃት የሚመጣው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መለየት አለበት። የጡት ልጅነት የሚጸናው ሁለቱ ወገኖች ልጅና አባት ለመሆን አስበው፣ በሰው ፊት ሲያደርጉት ነው። ባልና ሚስት በጓዳቸው የሚያደርጉት ይህ ሐሳብ የለበትም። ልጅ ለመሆን አላሰበም፤ እሷም እናቱ ለመሆን አላሰበችም።

ሃይማኖትና ሕግ ምን ይላሉ?

በእስልምና የጡት ዝምድና ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕግ ነው። ቁርኣን ያጠባች እናትንና የጡት እኅትን ማግባት ይከለክላል (4፡23)፤ የማጥቢያውን ጊዜ ደግሞ ሁለት ሙሉ ዓመት ይለዋል (2፡233)። ስለዚህ የባልየው ጥያቄ ለሊቃውንቱ አዲስ አይደለም። በስምንተኛው መቶ ዓመት ኢማም ማሊክ ባሰባሰቡት በሙወጠእ ውስጥ ልክ ይሄው ጉዳይ አለ። አንድ ሰው የሚስቱ ወተት ወደ ሆዱ ስለገባ ወደ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ሄዶ ይጠይቃል። እሳቸውም ሚስትህ እርም ሆናብሃለች ይሉታል። ይህን የሰሙት ዐብዱላህ ኢብን መስዑድ ግን ዝምድና የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተጠባ ወተት ብቻ ነው ብለው ያርሟቸዋል። አቡ ሙሳም እርማቱን ተቀበሉ። የአብዛኞቹ ሊቃውንት አቋም ይሄው ነው። በወሎ ሲሰጡ የኖሩት የሻፊዒና የሐነፊ ትምህርቶችም በዋናው ነገር ይስማማሉ፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ ጊዜውን ወደ 30 ወር ከማራዘማቸው በቀር። ባል ደግሞ ከ30 ወር አልፏል!

የተለየ አስተያየት አልጠፋም። በ2007 እ.ኤ.አ. በግብፅ የአል-አዝሃር ዩኒቨርሲቲ መምህር ዶክተር ዒዘት ዐጢያ ሴት ሠራተኛ የሥራ ባልደረባዋን አምስት ጊዜ ብታጠባው ሁለቱ ብቻቸውን በአንድ ቢሮ መቀመጥ ይችላሉ አሉ። አገር ተንጫጫ። ዩኒቨርሲቲው ከሥራ አገዳቸው፣ እሳቸውም ሐሳባቸውን መለሱ። ይህ የሚያሳየን ብዙኃኑ ሊቃውንት የአዋቂን መጥባት ዝምድና ፈጣሪ አድርገው እንደማይቀበሉት ነው።

በኦርቶዶክሱ ወገን ደግሞ ጋብቻን የሚከለክለው ዝምድና በዋናነት በሥጋ፣ በጋብቻና በክርስትና ልጅነት የሚመጣው ነው። እዚያ በኩል የምታሳስበው ሌላ ጥያቄ ናት፦ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ያለው የአራስነት ጊዜ። ይህን የምትመልሰው ነርስ ሳትሆን የነፍስ አባት ናቸው።

ወደ መንግሥት ሕግ ስንመጣ ነገሩ ቀላል ነው። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጉዲፈቻ የሚደረገው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ነው፤ አድራጊውም 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። አዋቂ ሰው ጣት ወይም ጡት በመጥባት የማንም ልጅ አይሆንም። ባል ወተት ስለቀመሰ የሚፈርስ ጋብቻም የለም።

የጤናው ጉዳይ

ወደ ሙያችን እንግባ። ወተት የሚሠራው ፕሮላክቲን በሚባል ሆርሞን ሲሆን፣ እንዲፈስ የሚያደርገው ደግሞ ኦክሲቶሲን ነው። ኦክሲቶሲን ልጅ ሲጠባ ይወጣል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እርካታ ጊዜም ይወጣል። በግንኙነት ጊዜ ወተት የሚፈሰው ለዚህ ነው። በሽታ አይደለም፣ ነውርም አይደለም። በሌላ በኩል በማጥባት ወቅት ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ ብልት ሊደርቅ፣ ፍላጎትም ሊበርድ ይችላል። ባል ይህንን ካላወቀ “ጠላችኝ” ይላል።

ባል መጥባቱ ለሕፃኑ ወተት ያሳጣል ወይ? ጡት ወተት የሚሠራው በወጣለት መጠን ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ቀድሞ ከጠገበ ወተቱ አይነጥፍም። ባል ቀድሞ ከጠባ ግን ሕፃኑ በዚያች ሰዓት ይጎድልበታል። እንገሩ ሙሉ ለሙሉ የሕፃኑ ነው። እስከ 6 ወር ሕፃኑ ከእናት ጡት ሌላ ምግብ ስለማያስፈልገው ቅድሚያው የማያከራክር ነው። “ያጠነክረኛል” ብሎ የሚጠጣ ባል ካለም ይወቅ፦ የእናት ወተት ፕሮቲኑ ከላም ወተት ሲሶ ገደማ ብቻ ነው።

ልንነግራቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎችም እነዚህ ናቸው፦

• ባል ከንፈሩ ላይ ምች ከወጣበት ጡቷን በአፉ አይንካ። ምች የምንለው ቁስል ሄርፒስ ነው፤ ለአራስ ሕፃን ገዳይ ሊሆን ይችላል።
• የኤችአይቪ ቫይረስ በእናት ወተት ውስጥ ይገኛል። መድኃኒት በአግባቡ መውሰድ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ሆኖም ሁለቱም ውጤታቸውን ማወቅ አለባቸው።
• ጡት ሲያግት ወተቱን ማውጣት እፎይታ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ምርጫ ግን ሕፃኑን ማጥባትና በእጅ ማለብ ነው። ጡቱ ቀልቶ፣ ትኩሳትና ሕመም ካለ ቶሎ ሕክምና ትምጣ።
• በእርግዝና ጊዜ የጡት ጫፍን መነካካት ምጥ መሰል ቁርጠት ሊያመጣ ስለሚችል ያለጊዜ የመውለድ ሥጋት ያለባት ሴት ትቆጠብ።

የማን ፈቃድ?

ከሁሉም በላይ የምትረሳው ይህች ናት። “ጉዳት የለውም” ማለት “ይገባዋል” ማለት አይደለም። የምታጠባ እናት ሌሊት ስትነቃ ታድራለች፣ ጫፉ ቆስሎባት ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ ገላዋ የሰው ሆኖ ይውላል። አንዷ በዚህ መቀራረብ ፍቅርና ዕረፍት ታገኛለች። ሌላዋ ትጨነቃለች፣ ግን “ባሌ ይቀየመኛል” ብላ ዝም ትላለች። ስለዚህ ስናማክር ለብቻዋ፣ ባል በሌለበት “አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?” ብለን እንጠይቅ። አልፈልግም ካለች መልሱ አለቀ። ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅባትም።

ማጠቃለያ

ከላይ ያነሣናት እናት ብትመጣ እንግዲህ የሚባለው ይሄ ነው፦ “አይዞሽ፣ ትዳርሽ በዚህ አይፈርስም። ስለ ሃይማኖቱ ልብሽ እንዲያርፍ ሼኽሽን ወይም የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። ልጅሽ ቀድሞ ይጥገብ። አንቺ ካልወደድሽው ደግሞ እምቢ በይ።” አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

አያቶቻችን በጡት ምልክት ባዕድን ዘመድ ያደረጉት ወተት ትልቅ ነገር መሆኑን አውቀው ነው። እኛም ክብሩን ሳንነካ ፍርሃቱን ብቻ ማንሣት እንችላለን። ለዚህ መጀመሪያ ጥያቄውን ሳንስቅ መስማትን እንልመድ። በዲፓርትመንታችን የምክር አገልግሎት ልምምድ ላይም ይህ ጉዳይ እንደ አንድ ርዕስ ቢገባ መልካም ነው እላለሁ።