የመታሰቢያ ዛፍ፦ ከመትከልዎ በፊት ይለኩ

ለሟች ወላጅ መታሰቢያ የሚሆን፣ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ በደጅዎ ሊተክሉ አስበዋል? እንደ ኢየሩሳሌምና ጽፋት ባሉ ብርድና አልፎ አልፎ በረዶ በሚጥልባቸው ከተሞች ዛፉ የሚመረጠው በችግኙ ሳይሆን አድጎ በሚይዘው ቦታ ነው።

ወይራ፦ በአገር ቤት የምናውቀው የወይራ ዘመድ ነው። ብርድና ድርቅ ይችላል፤ እየተገረዘ ቁመቱ ይወሰናል። ፍሬው መተላለፊያ ስለሚያቆሽሽ ከበር ራቅ አድርገው ይትከሉት። በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ፍሬው ዖርላ ስለሆነ አይበላም።

ብሮሽ፦ ጥድ የሚመስል፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ከ20 ሜትር በላይ ሊደርስ ስለሚችል በግድግዳና በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ አይተከልም።

ቁመቱ 2 ሜትር የሞላና ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ ሲለካ የግንዱ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ዛፍ በሕግ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። የወላጅን መታሰቢያ መቁረጥማ ከሕጉም በላይ ልብ ይሰብራል።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ የባለቤቱን፣ ግቢው የጋራ ከሆነ የጎረቤቶችን ስምምነት አስቀድመው በጽሑፍ ይያዙ።

ለመትከል ጥሩው ጊዜ ዝናብ መሬቱን ካራሰ በኋላ ነው። ከ2028 ሮሽ ሃሻና ጀምሮ ያለው ዓመት ሽሚጣ ስለሆነ አይተከልም፤ ከዚያ በፊት ይጨርሱ።