ከአብደራፊ ሳንወጣ፦ የተቀዳን ድምፅና ምስል ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ስለ ማሻገር

የመስክ ዘገባ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ጥያቄ አቀራረብና ስለ ዜና አጻጻፍ ነው። የተቀዳው ድምፅ ከመስክ ተነስቶ በምን መንገድ ዴስክ እንደሚደርስ ግን እምብዛም አናነሳም። በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ያለ ቃለ መጠይቅ ስልኩ ከጠፋ ወይም ከተሰበረ አብሮ ይጠፋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ በጉዞ ላይ እያለን ፋይል ከስልክ ወደ ላፕቶፕ እንዴት እንደምናሻግር አብደራፊን ምሳሌ አድርገን ለማየት እንሞክራለን።

ለምን አብደራፊ?

በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ የምትገኘው አብደራፊ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ናት። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ወደዚያ ይወርዳል። እዚያም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ያገኘዋል። ካላዛር ካልታከመ በአብዛኛው ገዳይ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በአብደራፊ ይህን በሽታና የእባብ ንድፊያን ለብዙ ዓመታት ሲያክም የቆየውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ጋዜጠኛ እዚያ ሄዶ የታመመ ሠራተኛ አነጋገረ እንበል። ሠራተኛው አጨዳው ሲያልቅ ወይ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ወይ ወደ ሌላ እርሻ ይሻገራል። ስልክም ላይኖረው ይችላል። ድምፁ ከጠፋ ሰውዬውን ደግሞ ማግኘት ዘበት ነው።

«ግድ የለም፣ በቴሌግራም እልከዋለሁ» የሚል አይጠፋም። ኔትወርክ ካለ መልካም። ይሁን እንጂ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ ኢንተርኔት የማይፈልገውን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ሦስቱ መንገዶች

አንደኛው ኬብል ነው። ስልኩን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተን በስልኩ ላይ «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን እንመርጣለን። ይህ ምርጫ ካልመጣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከገመዱ ነው። ርካሽ ገመዶች ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የማያሳልፉ አሉ። ገመዱን መፈተሽ ያለብን ከመነሳታችን በፊት እንጂ አብደራፊ ከደረስን በኋላ አይደለም።

ሁለተኛው ዋይፋይ ነው። ብዙዎቻችን ዋይፋይ ሲባል ኢንተርኔት ይመስለናል። የስልኩን ሆትስፖት ከፍተን ላፕቶፑን ብናገናኘው ግን ሁለቱ ያለ ምንም ኢንተርኔት ይነጋገራሉ። እንደ ዜንደር ያሉ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የሞባይል ዳታውን ማጥፋት ግን አይረሳ፤ አለበለዚያ ላፕቶፑ አጋጣሚውን አግኝቶ አፕዴት ሲያወርድ ፓኬጃችን ያልቃል።

ሦስተኛው ብሉቱዝ ነው። ለድምፅ ይበቃል፣ ለቪዲዮ ግን አይሆንም። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ 58 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ብሉቱዝ በሰከንድ ሩብ ሜጋባይት ቢያሳልፍ 4 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። 1.3 ጊጋባይት የሆነ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ግን በዚሁ ፍጥነት ከ80 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በኬብል ከሆነ የአንድ ሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። መኪና እየጠበቀ ባትሪ እየጎደለ ባለበት ሰዓት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሙቀቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። አፕል ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠሩ ይመክራል። በቆላው የበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የጋለ ስልክ ቻርጅ ማድረጉን ሊያቆም ወይም ራሱን ሊያጠፋ ስለሚችል ሥራውን ጥላ ሥር፣ ቢቻል በማለዳ መሥራት ይመረጣል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ፋይሉን «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» እናድርገው። በመሀል ገመዱ ቢነቀል ዋናው ስልኩ ላይ ይቀራል። ከዚያም የሁለቱን ፋይሎች መጠን ማስተያየት፣ ድምፁን ላፕቶፑ ላይ ከፍቶ መጀመሪያውን፣ መሀሉንና መጨረሻውን ማዳመጥ ይገባል። ይህ ሳይደረግ ከስልኩ ላይ ምንም አይጥፋ።

የፋይሉ ስምም ሌላ ነገር ነው። ማስታወሻ ደብተራችን «መስከረም 20 ቀን 2018፣ ከቀኑ 8 ሰዓት» ሲል ስልኩ ያንኑ ሰዓት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025፣ 14፡00 ብሎ ይመዘግበዋል። ሁለቱን ያላስታረቀ ሰው ከወር በኋላ የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። በደብተርና በፋይል ላይ አንድ ዓይነት ተራ ቁጥር መስጠት ነገሩን ይፈታዋል።

የሰውዬው አደራ

ኮፒ በበዛ ቁጥር ፋይሉ የመጥፋት ዕድሉ ይቀንሳል፤ በማይገባው ሰው እጅ የመግባት ዕድሉ ግን ይጨምራል። ስለ አሠሪው ያማረረ ወይም ሕመሙን የተናገረ ሠራተኛ ስሙ በፋይሉ ላይ ሊጻፍ አይገባም፤ ተራ ቁጥሩ ይበቃል። ላፕቶፑ የይለፍ ቃል ይኑረው። በኮምፒውተር ቤት ወይም በሰው ላፕቶፕ ከተጠቀምን ሪሳይክል ቢኑን ጭምር ባዶ አድርገን እንውጣ። ፋይል መላኪያ ፕሮግራሞችንም በጭፍን ማመን አይገባም። ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ በ2021 እ.ኤ.አ. በሼርኢት ላይ የደህንነት ክፍተቶች ማግኘቱን ይፋ አድርጎ ነበር። ሚስጥር ያለበትን ነገር በኬብል ማሻገር የሚመረጠው ለዚህም ጭምር ነው።

በጥቅሉ ቃለ መጠይቁ ተጠናቀቀ የምንለው መቅጃውን ስናጠፋ አይደለም። ድምፁ በሁለት ቦታ ተቀምጦ፣ ተደምጦ፣ ሁለቱም በየተለያየ ቦርሳ ሲገቡ ነው። ይህ ደግሞ ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና ከመነሳቱ በፊት ማለቅ ይኖርበታል። ሰውዬው ጊዜውንና ቃሉን ሰጥቶናልና፣ ቃሉን ሳይጎድል ማድረስ የኛ ፈንታ ነው። መልካም የመስክ ጉዞ!