ጓሳን ማን ጠበቀው?

የዛሬው ንባባችን «ጓሳ» ይባላል። ቃሉ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ «ጓ» እና «ሳ»። «ጓ» ዲቃላ ፊደል ነው፤ «ጉ» እና «ዋ» ተጋብተው የወለዱት ድምፅ ነው። «ጓሮ»፣ «ጓያ»፣ «ጓደኛ» ብለን ስንጽፍም ይኸው ፊደል ይመጣል። እስቲ እያንዳንዳችሁ አምስት ጊዜ ጻፉት። ከዚያ ወደ ንባቡ እንሂድ።

አባቶቼና እናቶቼ! ጓሳ ምን እንደሆነ ለመንዝ ሰው መንገር ለዓሣ ዋና እንደ ማስተማር ነው። ቢሆንም የሚታወቅ ነገር በጽሑፍ ሲነበብ ሌላ መልክ አለውና ታገሡኝ።

ጓሳ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሣር ነው። ቤት የምንከድንበት፣ ገመድ የምንገምድበት፣ እረኛ ከዝናብ የሚሸሸግበት ጌሳ የሚሠራበት፣ ለመኝታ የሚነጠፍ ሣር ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ሣር የሚበቅልበት ደጋ ስሙ ጓሳ ነው። ቦታው ከሞላሌ ወደ ሰሜን፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ምሥራቅ፣ የስምጥ ሸለቆ ገደል አፋፍ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በጋሻ ስናስበው 250 ጋሻ ያህል ማለት ነው። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ወደ አዋሽ። አንድ ደመና ያወረደው ዝናብ በአንድ ተራራ ላይ ተለያይቶ ግማሹ ግብፅ ሲደርስ ግማሹ አፋር ምድር ይቀራል።

ዝናብ ሲዘንብ የጓሳ ሣር ሥሩና ጉቶው ውሃውን እንደ ጥጥ ይጠጣል። ጭጋጉንም ሳይቀር ይለቅማል። ከዚያ ቀስ እያለ በበጋ ይለቀዋል። ሣሩ ከተነቀለ ግን ያው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ አፈር ይዞ በአንድ ቀን ያልፋል፤ በጥር ምንጩ ይደርቃል። ታች ያለው ገበሬ «ምንጫችን ለምን ነጠፈ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ላይ ነው ያለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በደጋው አገራችን ስንቱ ሜዳ ታረሰ፣ ስንቱ ጫካ አለቀ። ጓሳ እንዴት ቀረ? ብርዱ ነው የጠበቀው የሚል ሰው ይኖራል። ብርድ ብቻውን አይጠብቅም። በጎጃም የጮቄ ተራራም ብርድ ነው፤ ገብሱና ድንቹ ግን ወደ ላይ እየወጣ ተራራውን ብዙ ቦታ ገፈፈው።

ጓሳን የጠበቀው ሕግ ነው። ሕጉም «ቀሮ» ይባል ነበር።

ታሪኩ ከ300 ዓመት በላይ ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ቦታውን ተካፈሉት ይባላል። ዘሮቻቸው በአጥቢያ በአጥቢያ ተደራጅተው በርስትነት በጋራ ያዙት። በየወገኑ አለቃ ይመርጡ ነበር፤ አንዱ አባ ቀራ፣ ሌላው አፈሮ ይባላል። አለቃው ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ «ጓሳ ተዘግቷል» ካለ፣ ተዘጋ። ወሬው በቤተ ክርስቲያን ደጅና ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ሣር ማጨድ የለም፤ ከብት ማስገባት የለም፤ አስታ ቆርጦ ማገዶ ማድረግ የለም። አባወራው ሁሉ በተራው ጥበቃ ይወጣል። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ሣር የሰረቀም ይቀጣል። ቅጣቱም ቀላል አልነበረም።

ለስንት ጊዜ ይዘጋል? ለአንድ ክረምት እንዳይመስላችሁ። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሲደርስና ሰው ሲቸገር ይከፈታል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል። ከዚያ በበጋ ከብት ይገባል። ዝናቡ ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የተዘጋው ቦታ እንደ ጎተራ ሆኖ ይከፈታል። የባንክ ደብተር ሳይኖር አባቶቻችን ሣር በባንክ ያስቀምጡ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን እውነቱን ሙሉ በሙሉ እንናገር። ይህ ሥርዓት የሁሉም አልነበረም። የአስቦ ወይም የጌራ ዘር ነኝ ብሎ መቁጠር ያልቻለ ሰው ጓሳ ውስጥ መብት አልነበረውም። ጎረቤቱ ጣራውን በጓሳ ሣር ሲከድን እሱ ቆሞ ያያል። ስለዚህ በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ መሬት የሕዝብ ሲሆን፣ ርስት ያልነበረው ሰው መደሰቱ ትክክል ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ርስቱ ሲቀር ሕጉም አብሮ ቀረ። የቀሮ አለቆች ሥልጣናቸው አበቃ። ጓሳ በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። መብቱ ለሁሉ ደረሰ፤ ተራ ጠብቆ ማጨድና በተራ መጠበቅ ግን እየላላ ሄደ። ሁሉም «የእኔ ነው» አለ፤ «ጥበቃው የእኔ ነው» ያለ ግን ጠፋ። ሣሩ ሳይደርስ ይታጨድ፣ በዓመት ዓመቱ ይጋጥ ጀመር።

እኔ እንደሚመስለኝ መብትና ሕግ ተያይዘው መጣል አልነበረባቸውም። አድልዎው ይወገድ፤ ተራው ግን ይቆይ ነበር።

ደግነቱ የመንዝ ሰው ሙሉ በሙሉ አልረሳውም። ከጊዜ በኋላ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ወኪሎቻቸውን መርጠው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ ጠባቂ ቀጥረው ጓሳን እንደገና ያዙት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ታወቀ። ልዩነቱን ተመልከቱ፤ አሁን መብቱ የሚቆጠረው በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ነው። ዘዴው ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ዝጋ፣ ጠብቅ፣ ሲደርስ በደንብ ክፈት።

በትምህርት ሰዓት ስለዚህ ስናነብ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ሣሩስ ይጠበቅ፤ ጥቅሙን አውቃለሁ። ቀበሮዋ ለምን ትጠበቃለች? በጌን ትበላ የለም እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነው። የመንዝ ሰው ኑሮው በግ ነው። ባናው ከበግ ነው፤ የዓመት በዓሉ ከበግ ነው፤ የልጁ ደብተር ከበግ ነው። ስለዚህ መልሱን በዝርዝር እንየው።

በመጀመሪያ፣ ቀበሮ የሚለው ስም ሁለት አውሬ ያደባልቃል። አንደኛው በየቦታው ያለው ተራ ቀበሮ ነው፤ መልኩ ቡላ ነው፤ በማታ መንደር ይዞራል። ሁለተኛዋ ቀይ ቀበሮ ናት። እግሯ ረዥም ነው፤ አፏ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ጠጉሯ ቀይ፣ ጉሮሮዋና ደረቷ ነጭ፣ የጭራዋ ጫፍ ጥቁር ነው። በቀን ነው የምታድነው። ሊቃውንት ደሟን መርምረው የተኩላ ዘመድ መሆኗን ስላረጋገጡ «የኢትዮጵያ ተኩላ» ይሏታል። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለችም። ያደጉት ተቆጥረው 500 አይሞሉም። በባሌ፣ በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ ደጋዎችና በእኛው በጓሳ ብቻ ቀርታለች። ጮቄ ላይ ነበረች፤ ዛሬ የለችም።

ሁለተኛ፣ ምግቧ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። አልፎ አልፎ እረኛ የተዘናጋበትን ግልገል አትነጥቅም ብዬ አልዋሽም። ግን ተራ ቀበሮና ጅብ የሠሩት ወንጀል በእሷ ስም የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው። አይጥ ደግሞ ማንን እንደሚበላ የገብስ ማሳ ያለው ሁሉ ያውቃል።

እዚህ ላይ ጓሳ ውስጥ የተጠና አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ሲግጥ ቀይ ቀበሮ በመንጋው መካከል ቀስ ብላ ስትሄድ ይታያል። ዝንጀሮው አይሸሽም፤ እሷም ግልገሉን አትነካም። ለምን? ተመራማሪዎች ቆጠሩ። ብቻዋን ስታድን ከ100 ሙከራ 25 ጊዜ ብቻ አይጥ ትይዛለች። በዝንጀሮ መካከል ስትሆን ግን ከ100 ሙከራ 67 ጊዜ ይሳካላታል። ምናልባት ዝንጀሮው ሣሩን ሲነቅል አይጡ ይወጣል፤ ወይም አይጡ እሷን ለይቶ አያያትም። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ጥቅሟን አውቃ ግልገሉን ትተወዋለች። (ከጎረቤት ጋር በድንበር ለሚካሰስ ሰው ይህን ማንበብ ሳይጠቅም አይቀርም።)

እንግዲህ ቀይ ቀበሮን የሚገድላት ማን ነው? ጥይት ብዙ አይደለም። አንዱ ማረሻ ነው፤ መኖሪያዋን ይወስዳል። ሌላው የእኛው ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ጓሳ ላይ አንዷን ቢነክስ በሽታው ቤተሰቡን ይጨርሳል። ምክንያቱም ቀይ ቀበሮዎች ለአደን ቢለያዩም የሚኖሩት በመንጋ ነው፤ ማለዳና ማታ ተሰብስበው ይሻሻሉ፣ ይላላሳሉ። በመንጋው ውስጥ የምትወልደው ዋነኛዋ እንስት ናት፤ እሷም በዓመት አንድ ጊዜ። ስለዚህ ያለቀው ቶሎ አይተካም። በባሌ በዌብ ሸለቆ በ1996 ዓ.ም. መባቻ ይህ በሽታ ገብቶ ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨርሷል። የቀሩትን ያተረፋቸው ክትባት ነው።

ይህ ለቀበሮዋ ብቻ ብለን የምናደርገው አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም አያተርፍም። ስለዚህ ከብት ሐኪም ወደ ቀበሌው ሲመጣ ከበሬው ጋር ውሻውንም አስከትቡ። ውሻ በቤትና በበግ ጉረኖ እንጂ ጓሳ ላይ ሥራ የለውም። ሰው በውሻ ከተነከሰ፣ ውሻው ጤነኛ ቢመስልም፣ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ቁስሉ ደረቀ ብሎ ቤት መቀመጥ አደጋ ነው፤ በሽታው ሳምንታት አልፎም ወራት ተደብቆ ይመጣል።

ስለ ማገዶም ጥቂት እንበል። መንዝ ውስጥ እንጨት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ኩበት እናነዳለን። ኩበት ግን የማሳው ምግብ ነው። ምድጃ ውስጥ የገባ ኩበት ገብስ አያበቅልም። «ታዲያ በምን እንጋግር?» ብትሉ ልክ ናችሁ፤ በባዶ ምክር እንጀራ አይጋገርም። ሁለት ነገር ይቻላል። አንዱ በጓሮና በቦረቦር ዳር ባሕር ዛፍ መትከል ነው፤ ምንጭ አጠገብና ማሳ ጥግ ግን አይሁን፤ ውሃ ይጠጣል። ሁለተኛው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ በየጎኑ ይወጣል፤ ሙቀቱ ለምጣዱ ሳይሆን ለነፋስ ይሆናል። ዙሪያው የተዘጋ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሰዋል። ጭሱም ስለሚቀንስ የእናቶች ዓይን ያርፋል። ይህን ጉዳይ ወንዶቹም አንብቡት፤ ምድጃው የእናንተም ቤት ነው።

አስታም ቢሆን ከሥሩ ከተነቀለ ቶሎ አይመለስም። ከላይ የተቆረጠ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በግራር ታች ቆላ ላይ የምታውቁት ነገር ነው፤ ደጋ ላይም ያው ነው።

ጓሳ ሩቅ ነው የሚል ሰው ካለ ቀሮውን ከሰፈሩ ይጀምር። የየቀበሌው የግጦሽ መሬት አለ። ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስለሆነ ምላጭ እንደነካው ራስ ተላጭቷል። ለማሳያ የሚሆን አንድ ሒሳብ እነሆ። ደብተራችሁን አውጡ።

አንድ ቀበሌ 60 ጥማድ የጋራ ግጦሽ አለው እንበል። ሽማግሌዎቹ ቦታውን በሦስት እኩል ከፈሉት። በየዓመቱ አንዱ ክፍል ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይታጨዳል እንጂ ከብት አይገባበትም።

1ኛ. እያንዳንዱ ክፍል ስንት ጥማድ ይሆናል?

2ኛ. ዘንድሮ ለከብት ክፍት የሚሆነው ስንት ጥማድ ነው?

3ኛ. ከታጨደው ክፍል ከአንዱ ጥማድ 8 ሸክም ሣር ቢገኝ፣ በጠቅላላው ስንት ሸክም ነው? ሣሩን ለ40 አባወራ እኩል ብናካፍለው ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?

4ኛ. ይህ ሒሳብ አይደለም፤ ውይይት ነው። በተዘጋው ክፍል ውስጥ ከብት ያስገባ ሰው ምን ይቀጣ? ቅጣቱን ማን ይወስን? ከብት የሌለው ድሃ ከሣሩ ድርሻ ይኑረው ወይስ አይኑረው? ሐሳባችሁን ከሦስት መስመር ባላነሰ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ። መጻፍ ያልለመደ ከጎረቤቱ ጋር ተጋግዞ ይጻፍ።